ምዕራፍ ሰባት፦ መጣ ሄደ የሚል ዋይፋይ

ሙሉ በሙሉ የተቋረጠ የኢንተርኔት አገልግሎት መንስኤውን ለማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም፤ ብልሽቱ እስኪገኝ ድረስ ካለበት ስለማይነቃነቅ አንዱን ዕቃ ከሌላው እየለዩ መፈተሽ ይበቃል። አድካሚው መጣ ሄደ የሚለው ነው፤ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ያለ እንከን ሲሠራ ውሎ ማታ መኝታ ቤት ውስጥ የሚንቀራፈፍ፣ በአንዱ ስልክ ቪዲዮ እያጫወተ በሌላው ክብ ምልክት ብቻ የሚያሽከረክር፣ ባለሙያ ተጠርቶ ሲመጣ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ የሚገኝ መረብ። ከአንድ በላይ ማሰራጫ ያለው የቤት ዋይፋይ፣ በተለምዶ ሜሽ ዋይፋይ የሚባለው፣ ለእንዲህ ያለ ጠባይ ከሌሎቹ ይልቅ የተጋለጠ ሲሆን ምክንያቱም ከራሱ አሠራር የሚመነጭ ነው።

በተራ የቤት መረብ አንድ ራውተር፣ ማለትም ከውጭ የመጣውን መስመር ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያከፋፍል ዕቃ፣ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ስልኩንም ኮምፒውተሩንም ራሱ ያነጋግራል። በሜሽ ግን ከሞደሙ ጋር በኬብል የተያያዘ አንድ ዋና ጣቢያ ይኖርና ሌሎች ቅርንጫፍ ጣቢያዎች በየክፍሉ ተቀምጠው ከዋናው የመጣውን በሬዲዮ ሞገድ እየተቀባበሉ አጠገባቸው ላለው መሣሪያ ያደርሳሉ፤ ሁሉም አንድ የመረብ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ስለሚጋሩም ተጠቃሚው በየትኛው ጣቢያ በኩል እንደተገናኘ አያውቅም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። 802.11 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ፤ የሜሽ አሠራርን የሚደነግገው ማሻሻያ በ2011 ተከተለ፤ ዕቃው በብዛት ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ግን እንደ ኢሮና ጉግል ያሉ ኩባንያዎች ሁለትና ሦስት ጣቢያ በአንድ ካርቶን አድርገው መሸጥ ከጀመሩበት ከ2016 ወዲህ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሜሽ ያለውን ኢንተርኔት በአየር ላይ እየተቀባበለ ራቅ ወዳለ ክፍል ከማድረስ አልፎ በራሱ ምንም አይጨምርም፤ በእያንዳንዱ ቅብብሎሽ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ መበጠሻ ቦታ ይፈጥራል። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የስልክ መተግበሪያ ሁሉንም ጣቢያ በአረንጓዴ ነጥብ አሳይቶ ሁሉም ደህና ነው ስለሚል የትኛው ቅብብሎሽ እንደደከመ ይሸፍናል፤ ባለቤቱም መጀመሪያ ወደ ማጥፋትና ማብራት፣ እሱ አልበጅ ሲለው ተጨማሪ ጣቢያ ወደ መግዛት ይሄዳል። ሁለተኛው መድኃኒት ከበሽታው የሚብስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ እንዴት እንደሚብስ ወደ ኋላ ይታያል። በዚህ ምዕራፍ የሚቀርበው አካሄድ የሚበጠሰው የቱ ጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ምንም ቅንብር አለመንካት ነው።

የሚበጠሰው የቱ ጋ ነው?

አንድ ስልክ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ መልእክቱ አራት ክፍሎችን ያልፋል፤ ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ሞደሙ ያለው የውጭ መስመር፣ ከሞደሙ እስከ ዋናው ጣቢያ ያለው አጭር ኬብል፣ ከዋናው እስከ ቅርንጫፍ ጣቢያው ያለው የአየር ላይ መጋቢ መስመር፣ በመጨረሻም ከቅርንጫፍ ጣቢያው እስከ ስልኩ ያለው ርቀት። በተጠቃሚው ዓይን አራቱም ዋይፋይ ይባላሉ፤ ዋይፋዩ አይሠራም የሚለው አቤቱታም ከአራቱ የትኛውንም ሊመለከት ይችላል። መጋቢ መስመር የሚለው አጠራር በዚህ ምዕራፍ ጣቢያ ከጣቢያ የሚገናኝበትን፣ በዕቃው መመሪያ ላይ ባክሆል የሚባለውን ግንኙነት ያመለክታል።

አራቱን ለመለየት የሚያገለግለው መሣሪያ ከዋይፋይ በዕድሜ ይበልጣል። ማይክ ሙስ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ፒንግ የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ መልእክት እየላከ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደተመለሰ፣ ወይም ጭራሽ እንዳልተመለሰ ይመዘግባል፤ ዛሬም በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይመጣል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት የትእዛዝ መስኮቶችን ከፍቶ በአንደኛው የራሱን የዋና ጣቢያ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ በሁለተኛው ደግሞ የውጭ አድራሻ፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8፣ ጎን ለጎን ያለማቋረጥ መጠየቅ ሌላው ምርመራ ሁሉ የሚቆምበትን መሠረት ይጥላል። መረቡ በተንቀራፈፈበት ደቂቃ የቤት ውስጡ መልስ እንደወትሮው ከጥቂት ሚሊሰከንድ ሳይበልጥ የውጭው ብቻ ከተቆራረጠ የቤቱ ዋይፋይ ከወቀሳ ነጻ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከተቆራረጡ ግን የአገልግሎት ሰጪው የስልክ መስመር ላይ የሚጠፋው ጊዜ ከንቱ ነው። ላፕቶፑ በኬብል ከዋናው ጣቢያ ጋር ተያይዞ፣ ቀጥሎ በዋይፋይ ዋናው ጣቢያ አጠገብ፣ በመጨረሻም ቅርንጫፍ ጣቢያው ያለበት ክፍል ሆኖ ይኸው ፈተና ሲደገም ችግሩ የሚጀምርበት ክፍል ራሱን ያጋልጣል። ፈተናው በስልክ ባይሆን ይመረጣል፤ ስልክ ባትሪውን ለመቆጠብ ሬዲዮውን በየመሀሉ ስለሚያሳርፍ ጤነኛውን መረብ የታመመ ሊያስመስለው ይችላል።

ሰዓት የዚህ ምርመራ ሁለተኛ ምስክር ነው። ማታ ማታ ብቻ የሚደክም መረብ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉት፤ አንደኛው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲገባበት የሚጨናነቀው የውጭ መስመር፣ ሌላው የጎረቤት ዋይፋዮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥራ ሲበዛባቸው የሚጨናነቀው አየር ነው። የሚለያቸው ያው ኬብል ነው፤ ማታውኑ በኬብል ሲሞከር ድክመቱ ካለ ከውጭ፣ ከሌለ ከአየር ነው።

የውጭ መስመሩ ሳይበላሽም የተበላሸ የሚመስልበት አንድ ሁኔታ አለ። ከቤቱ ስልኮች አንዱ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ማከማቻ አገልግሎት መስቀል ሲጀምር፣ ወደ ላይ የሚሄደው አቅም ብዙ ጊዜ ከሚወርደው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ መልእክቶች በሞደሙ ማኅደር ውስጥ ረጅም ሰልፍ ይይዛሉ፤ የሌላው ሰው አንዲት አጭር ጥያቄም ከሰልፉ ጀርባ ትቆማለች። በፒንግ ሲታይ 20 ሚሊሰከንድ የነበረው መልስ ወደ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰከንድ በላይ ይዘልቃል፤ ፍጥነት መለኪያው ግን ሙሉ አቅም ያሳያል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር መሐንዲስ ጂም ጌቲስ በ2010 ገደማ በገዛ ቤቱ መረብ ላይ አስተውሎ ለባለሙያዎች ያሳወቀው ይህ የሰልፍ ችግር መድኃኒቱ የሰልፍ ሥርዓት ነው። ብዙ አዳዲስ ራውተሮች ሰልፉን አሳጥረው ትንንሾቹን መልእክቶች የሚያስቀድሙበት ቅንብር አላቸው፤ የመስመሩን ትክክለኛ አቅም ከመሙላት ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገደብም ለዚህ ቅንብር አስፈላጊ ነው። ይህን ሳያዩ ጣቢያ መቀየር ምንም አይለውጥም።

መጋቢው መስመር

ምርመራው ወደ ሦስተኛው ክፍል ካመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወደዚያ ነው የሚያመለክተው፣ ጥያቄው የቦታ ይሆናል። የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው ዲቢኤም በተባለ መስፈሪያ ሲሆን ዜሮው አንድ ሚሊዋት ኃይል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው በአሉታዊ ቁጥር ይጻፋል፤ በየ10 ቁጥር ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ በየ3 ቁጥር ወደ ግማሽ። ስለዚህ -60 ማለት የአንድ ሚሊዋት አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ይህም ለዋይፋይ ጥሩ ከሚባለው ክልል ነው። ለቪዲዮና ለድምፅ ጥሪ እስከ -67 ድረስ አስተማማኝ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ከ-70 ሲያልፍ መንተባተብ ይጀምራል፤ ወደ -80 ሲቃረብ ግንኙነቱ ቢታይም ለሥራ አይሆንም። ነጻ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚጠፋው 6 ዲቢ ብቻ ነው። ግድግዳ የሚወስደው ግን በምን እንደተሠራ ይለያያል፤ ዋናው ጉዳይም እሱ ነው።

ሜሽ ዕቃዎችን ገበያ ላይ ቀድመው ያወጡት ኩባንያዎች በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው፤ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የተለመደው መኖሪያ ቤት ደግሞ የእንጨት አጥንት ላይ የጂፕሰም ሰሌዳ የተለበጠበት፣ ሞገድ ብዙ ሳይደክም የሚያልፍበት ቤት ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሽፋን ስፋት እንዲህ ያለውን ቤት፣ አለዚያም ባዶ ሜዳን ያስባል። ይኸው ካርቶን በሻንጣ አዲስ አበባ ሲደርስ የሚገጥመው የብሎኬት ግድግዳ፣ በፌሮ የታጨቀ የአርማታ ሶሌታ፣ የላሜራ በር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በግቢው መሀል ውኃ የተሞላ ሮቶ፣ ከሮቶው ጀርባ ደግሞ ሰርቪስ ቤት ነው። ውኃ የእነዚህን ድግግሞሾች ሞገድ ይመጥጣል፤ ብረት ያንጸባርቃል፤ አርማታ ሁለቱንም ያደርጋል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ12 ሴንቲ ሜትሩ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይልቅ በግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ ፈጣኑ መጋቢ መስመር የሚሠራው ደግሞ በዚያው በ5 ጊጋኸርዝ ነው። ባለ ትልቅ መስታወት ቁም ሣጥንም በጀርባው በተቀባው ስስ ብረት ምክንያት ከግድግዳው የባሰ ጋሻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ከቅን አስተሳሰብ የሚነሣ ነው፤ ሲግናል የማይደርሰው መኝታ ቤት ስለሆነ ጣቢያውም መኝታ ቤት ይቀመጣል። ነገር ግን ጣቢያው ራሱ ከዋናው የሚቀበለው ነገር ከሌለው የሚያካፍለው አይኖረውም፤ ስልኩ ላይ ሙሉ ሲግናል እየታየ ገጽ አለመከፈቱ የዚህ አቀማመጥ ዓይነተኛ ምልክት ነው፣ ምክንያቱም ስልኩ የሚያሳየው ከቅርቡ ጣቢያ ጋር ያለውን ግንኙነት እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን መጋቢ መስመር አይደለም። ቅርንጫፍ ጣቢያ ዋናውን በ-55 እና በ-65 መካከል በሚሰማበት ቦታ፣ ማለትም ችግረኛው ክፍል ከመድረሱ በፊት፣ ለምሳሌ ኮሪደሩ ወይም ደረጃው አናት ላይ መቆም አለበት። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ደረጃው የሚወጣበት ክፍት ቦታ ሶሌታው የሌለበት ብቸኛ መተላለፊያ ስለሆነ ከሌላው ሁሉ ይመረጣል። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከብረት መደርደሪያ ውስጥ፣ ከወለል ላይ ማንሳቱም እንዲሁ ያለ ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው የመጋቢ መስመር ችግር የአቅም ነው። በአንድ ቻናል ላይ፣ ማለትም ጣቢያዎቹ በተስማሙበት አንድ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አዳምጠው አየሩ ጸጥ ሲል ተራ ይይዛሉ። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ ድልድይ ላይ ከግራና ከቀኝ እየተጠባበቁ እንደማለፍ ነው። ቅርንጫፍ ጣቢያው ከዋናው የሚቀበለውም ለስልኩ የሚሰጠውም በአንድ ቻናል ከሆነ እያንዳንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ስለሚነገር አቅሙ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ ከተቀጠለ ሦስት ጊዜ ይነገርና ወደ ሲሶ ይጠጋል። ተጨማሪ ጣቢያ ችግሩን የሚያብሰው በዚህ መንገድ ነው፤ አዲሱ ጣቢያ የራሱን ድርሻ ከዚያው ከአንዱ አየር ይወስዳል፣ በተለይም ከዋናው ጋር በቀጥታ መገናኘት አቅቶት በጓደኛው በኩል ሲንጠለጠል። ባለ ሦስት ባንድ የሚባሉት ዕቃዎች አንዱን ሬዲዮ ለመጋቢው ብቻ በመለየት ይህን ያቃልላሉ፤ ዋጋቸው የሚንረውም በዚህ ምክንያት ሲሆን ግድግዳውን ግን እነሱም አያፈርሱትም።

ለብሎኬትና ለአርማታ ቤት የማያወላዳው መፍትሔ ጣቢያዎቹን በኬብል ማገናኘት ነው። ይህን መናገር የሜሽን ውበት ይቀንሳል፤ ገዢው ጣቢያዎቹን የወደዳቸው ግድግዳ ሳይበሱ ስለሚሠሩለት ነውና። ቢሆንም ካት 6 የሚባለው ተራ የመረብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት ይወስዳል፤ ሰርቪስ ቤቱም፣ ሁለተኛው ፎቅም ከዚያ ርቀት አይወጡም። ኬብሉ ሲዘረጋ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። በውስጡ ካሉት አራት ጥንድ ሽቦዎች አንዱ ጥንድ ከጫፉ ላይ በደንብ ካልተያዘ ግንኙነቱ ሙሉ በሙሉ ላይቋረጥ ይችላል፤ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሲፈልግ 100 ሜጋቢት በሁለቱ ስለሚረካ ሁለቱ ዕቃዎች ዝቅ ባለው ፍጥነት ይስማማሉ። ስለዚህ ፍጥነት መለኪያው በተደጋጋሚ ከ94 ወይም 95 ሜጋቢት አልዘል ካለ ጥፋቱ የኬብሉ ጫፍ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። ከቤት ወደ ቤት በግቢው ውስጥ የሚዘረጋ የመዳብ ኬብል መብረቅ ወደ ሁለቱም ቤት ዕቃዎች ሊያስገባ ስለሚችል ለዚያ ርቀት የፋይበር ገመድ ይሻላል።

በኬብል መገናኘትም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ቅርንጫፍ ጣቢያ በኬብልም በአየርም ከዋናው ጋር ተያይዞ ሳለ ሁለቱ መንገዶች አንድ ቀለበት ከሠሩ ለሁሉም የተላከ መልእክት በቀለበቱ ላይ እየዞረና እየተባዛ በሰከንዶች ውስጥ መረቡን ሙሉ በሙሉ ያጨናንቀዋል። ራዲያ ፐርልማን የተባለችው መሐንዲስ በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ ውስጥ ስትሠራ የቀየሰችው ዘዴ ቀለበቱን አውቆ አንዱን መንገድ በራሱ ይዘጋል፤ የሜሽ ዕቃዎችም ብዙዎቹ ይህን ወይም የራሳቸውን ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማሉ። ይሁንና በመሀል የገባ አሮጌ ማከፋፈያ ዕቃ የዘዴውን መልእክቶች ካላስተላለፈ ቀለበቱ ሳይታይ ይቀራል። መረቡ ኬብል በተሰካ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚሞት፣ ሲነቀል ነፍስ የሚዘራ ከሆነ ሌላ መንስኤ መፈለግ አያስፈልግም።

አየሩና የአገሩ ሕግ

የ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውል የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የወሰነው በ1985 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ የሕፃናት መከታተያ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ እዚያው ይጋፋሉ። ቻናሎቹ በቁጥር ብዙ ቢሆኑም እርስ በርስ ስለሚደራረቡ በተግባር ሳይነካኩ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤት 6 ላይ ስለሆነ 4 ወይም 8 መምረጥ ብልህነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ጣቢያዎች ይደማመጣሉ፣ ተራም ይጠባበቃሉ፤ በግማሽ የተደራረቡት ግን የጎረቤታቸውን ንግግር እንደ ጫጫታ ብቻ ይቆጥሩትና አንዱ በሌላው ላይ ይናገራሉ። ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.45 ጊጋኸርዝ ዙሪያ ስለሚሠራ በሚያሞቅበት ደቂቃ አጠገቡ ያለውን የ2.4 ግንኙነት ያናጋል፤ ከዩኤስቢ 3 መሰኪያዎችና ዲስኮች የሚወጣውም ጫጫታ በዚሁ ባንድ ላይ እንደሚያርፍ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል።

ከውጭ አገር በመጣ ዕቃ ላይ አንድ ስውር የመቋረጥ ምክንያት አለ። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡ መሣሪያዎች በ2.4 ባንድ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ብቻ ያያሉ፤ በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች ግን 12 እና 13 ይፈቀዳሉ። ራውተሩ ቻናሉን በራሱ እንዲመርጥ ተትቶ አንድ ቀን 13 ላይ ካረፈ ከዋሽንግተን የመጣው ላፕቶፕ መረቡን ጭራሽ ሳያየው ይቀራል፣ ጎኑ ያለው ስልክ ግን ይሠራል፤ ራውተሩ በማግስቱ ወደ 6 ሲመለስ ላፕቶፑም ይድናል። ይህን የመሰለ ተአምር በቤቱ ሰዎች ዘንድ ላፕቶፑን ያስወቅሳል። ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ በእጅ መትከል ይበቃል።

በ5 ጊጋኸርዝ ቦታው ሰፊ ነው፤ ከስፋቱ አብዛኛው ግን ከራዳር ጋር የሚጋሩት ነው። ከ52 እስከ 144 ያሉትን ቻናሎች የሚጠቀም ጣቢያ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ብሎ ራዳር መኖር አለመኖሩን ማዳመጥ፣ በሥራ ላይ ሳለ የራዳር የሚመስል ነገር ከሰማም ወዲያው ቻናሉን ለቆ ለ30 ደቂቃ አለመመለስ አለበት፤ በአውሮፓ ሕግ ለአየር ሁኔታ ራዳር በተለዩት ቻናሎች የመጀመሪያው ማዳመጥ 10 ደቂቃ ይፈጃል። መጋቢው መስመር በእንዲህ ያለ ቻናል ላይ ከሆነ ዋናው ጣቢያ ሲሸሽ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ተከትለው ይወድቃሉ፤ ቤቱም ለደቂቃዎች ያለ መረብ ይቀራል። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በሚገኙ ሰፈሮች ያለ ምንም ሥርዓት የሚመጣ አጭር መቋረጥ ሲያጋጥም ከ36 እስከ 48 ወዳሉት ቻናሎች መዛወር የመጀመሪያው ሙከራ መሆን አለበት። የቻናሉን ስፋት ወደ 160 ሜጋኸርዝ ያሳደገ ሰው በ5 ጊጋኸርዝ እነዚህን የራዳር ቻናሎች ሳይነካ ማለፍ ብዙውን ጊዜ እንደማይችል አብሮ ማወቅ ይኖርበታል።

ስልኩ የሚወስነው ነገር

ብዙ ተጠቃሚዎች ከክፍል ክፍል ሲዘዋወሩ መረቡ ራሱ ስልካቸውን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያሻግር ይመስላቸዋል። በዋይፋይ ግን የመሻገር ውሳኔ የስልኩ ነው፤ ጣቢያው ሊመክር ይችላል እንጂ አያዝም። አፕል ባወጣው መግለጫ መሠረት አይፎን ያለበት ጣቢያ ከ-70 ዲቢኤም በላይ እስከተሰማው ድረስ ሌላ አይፈልግም፤ ፈልጎም አዲሱ ከአሮጌው በተወሰነ መጠን ካልበለጠ አይሻገርም። ስለዚህ ጣቢያዎቹ ተቀራርበው በተቀመጡበት ቤት ስልኩ ሳሎን የጀመረውን ግንኙነት በ-68 ይዞ መኝታ ቤት ይገባል፤ አጠገቡ በ-40 የሚጮኸውን ጣቢያ እያለፈ። ጎረቤት ክፍል ላይ የተተከለ ተጨማሪ ጣቢያ የሚያበዛው ይህን ግትርነት ነው። የማሰራጫ ኃይልን ዝቅ ማድረግ የሚቻልባቸው ዕቃዎች ላይ ዝቅ ማድረጉ ስልኩን ቶሎ እንዲለቅ ያደርገዋል፤ የማይቻል ከሆነ ጣቢያዎቹን ማራራቅ ተመሳሳይ ውጤት አለው።

ሽግግሩን ለማፋጠን በ802.11 ውስጥ ኬ፣ ቪ እና አር በሚሉ ፊደላት የሚጠሩ ማሻሻያዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለ ጎረቤት ጣቢያዎች መረጃና ምክር ሲሰጡ ሦስተኛው የይለፍ ማረጋገጫውን ያሳጥራል። አንዳንድ አሮጌ ፕሪንተሮችና ርካሽ የቤት ውስጥ ካሜራዎች አር በርቶ ሲያገኙት መረቡን መቀላቀል ያቅታቸዋል፤ ሌላው ሁሉ ሠርቶ አንድ ፕሪንተር ብቻ ካስቸገረ ይህን አጥፍቶ መሞከር ይገባል።

ሁለት ራውተር በአንድ ቤት

ሜሽ ሲገዛ አገልግሎት ሰጪው የተከለው ሞደም ብዙውን ጊዜ ራሱም ራውተር ሆኖ፣ የራሱንም ዋይፋይ እያሰራጨ ይቆያል። ራውተር ለቤቱ መሣሪያዎች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተለዩ አድራሻዎችን ያድላል፤ ወደ ውጭ ሲወጡም በአንድ የጋራ አድራሻ ይተካቸዋል። ሁለት ራውተሮች በተከታታይ ሲቆሙ ቅየራው ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ ድረ ገጽ ማንበብን ባያውክም የድምፅ ጥሪና ጨዋታን ሊያሰናክል ይችላል። የባሰው ሁለቱም 192.168.1 በሚል የሚጀምር አንድ ዓይነት አድራሻ ሲያድሉ ነው፤ ያን ጊዜ መልእክቱ ወደ ውስጥ ይሂድ ወደ ውጭ መለየት አይቻልም። ስልኩ ዛሬ በሞደሙ ዋይፋይ፣ ነገ በሜሹ ሲገናኝ ደግሞ ፕሪንተሩ አንድ ቀን ይታያል፣ አንድ ቀን ይሰወራል። የሞደሙን ዋይፋይ ማጥፋት፣ ከሁለቱ አንዱንም ብሪጅ ወይም አክሰስ ፖይንት በሚባለው አሠራር ላይ አድርጎ ከአድራሻ አዳይነት ማውጣት ጉዳዩን ይዘጋዋል።

መብራትና ሦስተኛው ጣቢያ

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የመረቡ መቆራረጥ ከኤሌክትሪኩ ተነጥሎ አይታይም። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ በቤቱ ሽቦ ላይ ያለው ቮልቴጅ ለጊዜው ሊወርድ ይችላል፤ አዳፕተሩ ያረጀ ወይም በላላ ማከፋፈያ ላይ የተሰካ ጣቢያ በዚያች ቅጽበት ራሱን እንደገና ያስነሳል። ምጣድ ሬዲዮ አይረብሽም፤ ከጋገራ ሰዓት ጋር የሚገጥም መቋረጥ ሲያጋጥም መመርመር ያለበት አዳፕተሩና ሶኬቱ ነው። ከረጅም መጥፋት በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲበራ ደግሞ ቅርንጫፎቹ ዋናው ሳይዘጋጅ ይነሡና አንዳንዴ ባልተፈለገ መንገድ፣ አንዱ በሌላው በኩል ይንጠለጠላሉ፤ ዋናውንና ሞደሙን በትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም በባትሪ መጠባበቂያ፣ ላይ ማድረግ ይህን የሚያስቀር ቢሆንም ቅርንጫፎቹ መብራት ሲጠፋ ስለሚጠፉ ራቅ ያሉት ክፍሎች ያኔም ያለ ኢንተርኔት ይቀራሉ።

መንስኤው የትኛውም ይሁን፣ ከአንድ በላይ ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ስለዚህ ቻናል በተቀየረበት ቀን ጣቢያ አይነሣም፣ ጣቢያ በተነሣበት ቀን ቅንብር አይነካም፤ አንድ ለውጥም ችግሩ ይታይበት የነበረው ሰዓት፣ ማታም ከሆነ ማታ፣ ቅዳሜም ከሆነ ቅዳሜ፣ ደርሶ እስኪያልፍ ሳይፈረድበት ይቆያል። ከለውጦቹ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛውን ጣቢያ ከሶኬቱ ነቅሎ መተው ነው። ባለ ሦስቱን ካርቶን የገዛ ሰው አንዱን ሳይጠቀም መቅረት ይከብደዋል፤ ሁለት ጣቢያ የሚበቃው ቤት ግን በኢትዮጵያም በውጭም ብዙ ነው። ጣቢያው ከተነቀለ በኋላ መረቡ ከረጋ፣ ፒንጉም ማታ ማታ መዝለሉን ከተወ፣ ሸክሙ እሱ ነበር። ሌላው ክፍል ተሻሽሎ እሱ የነበረበት ክፍል ብቻ ከጨለመ ደግሞ ኬብሉ በየትኛው ግድግዳ በኩል መዘርጋት እንዳለበት ታውቋል።